ደንበኛው ያልከፈለውን ማን ይሸፍን?

በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ በግላቸው የሚሠሩ የአማርኛ አስተርጓሚዎች ብዙውን ሥራ የሚያገኙት በኤጀንሲ በኩል ነው። ሆስፒታሉ ለኤጀንሲው፣ ኤጀንሲው ለአስተርጓሚው ይከፍላል። ሆስፒታሉ ሲያዘገይ አስተርጓሚውም ይጠብቅ? አንድ አስተርጓሚና አንዲት የኤጀንሲ ባለቤት ይሟገታሉ።

አስተርጓሚው

ባለፈው ጃንዋሪ፣ በረዶ እየጣለ፣ ገና ሳይነጋ ተነስቼ ሜሪላንድ ውስጥ ወዳለ ሆስፒታል ነዳሁ። አንዲት እናት ቀዶ ሕክምና ከመግባታቸው በፊት የሚፈርሙትን ወረቀት በቋንቋቸው የሚያስረዳቸው ሰው ይፈልጉ ነበር። አራት ሰዓት አብሬአቸው ቆየሁ። ስጨርስ የሰዓት መመዝገቢያ ቅጹን ላስፈርም ነርሷን ብፈልጋት ፈረቃዋን ጨርሳ ሄዳለች። የተካቻት ደግሞ "ስትሠራ ያላየሁህን እንዴት ብዬ ልፈርምልህ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ግን ፊርማ በሌለው ቅጽ አይከፈልምና ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ለመንኳት። የታማሚዋን መዝገብ ከፍታ ስሜን ካየች በኋላ ፈረመችልኝ።

ኢንቮይሱን ያን ዕለት ማታ ላክሁ። በ30ኛው ቀን ስጠይቅ ኤጀንሲው "ሆስፒታሉ ገና አልከፈለንም" አለኝ። በ60ኛውም እንደዚያው። ገንዘቡ እጄ የገባው ሜይ ላይ ነው። የቤት ኪራይ ግን ወር በገባ ቁጥር ይጠየቃል፤ ቤንዚኑንም የሞላሁት በክሬዲት ካርድ ነበርና ወለዱ የእኔ ሆነ። እንደ ተቀጣሪ የሕመም ፈቃድ የለኝም፤ ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር የሚቆረጠውን 15.3 በመቶም ሙሉውን የምችለው እኔ ነኝ።

"የግል ሥራ ነው፣ አደጋውን አውቀህ ነው የገባህበት" ይሉኛል። የትኛውን አደጋ? ሥራ ቢጠፋ፣ መኪናዬ ብትበላሽ፣ ብታመም የእኔ ነው። የሆስፒታሉን አከፋፈል ግን እኔ አልተዋዋልሁትም፤ ኤጀንሲው በሰዓት ስንት እንደሚያስከፍል እንኳ አይነገረኝም። ይባስ ብሎ ደንበኛውን በቀጥታ እንዳላነጋግር በውሌ ላይ ፈርሜአለሁ። ወደ ባለዕዳው የሚያስገባውን በር ዘግተውብኝ ሲያበቁ "ባለዕዳው እስኪከፍል ታገሥ" ማለት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

እቁብ የጣለ ሰው ይህን ይረዳዋል። ዕጣ ለወጣለት ሰው "እገሌ ስላልጣለ ያንተ ይቆይ" አይባልም። ዳኛው ያልጣለውን ተከታትሎ፣ ካልሆነም ዋሱን ይዞ ገንዘቡን ያወጣል። ኤጀንሲም ከየሰዓቴ ድርሻውን የሚያነሳው ስልክ ደውሎ ስላገናኘን ብቻ አይመስለኝም። የመሰብሰቡ ጣጣ የእሱ ስለሆነም ጭምር ነው።

ሕጉም ወደዚህ እያዘነበለ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ ከሜይ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 800 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚያወጣ የግል ሥራ የጽሑፍ ውል ያስገድዳል። ውሉ ቀን ካልቆረጠ ሥራው ባለቀ በ30 ቀን ውስጥ መከፈል አለበት፤ ያልከፈለም እጥፍ ሊፈረድበት ይችላል። ካሊፎርኒያ ተመሳሳይ ሕግ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ አውላለች፤ የእሷ መነሻ 250 ዶላር ነው። ብሪታንያ ደግሞ በ2003 ባወጣችው ደንብ ሠራተኛ የሚያቀርቡ ኤጀንሲዎች "ደንበኛው አልከፈለንም" ብለው የሠራተኛውን ገንዘብ እንዳይዙ ከልክላለች። የተፈረመ ቅጽ አላመጣህም ብሎ መያዝም በዚያው ደንብ ክልክል ነው። ይህን ሳነብ ያ ኮሪደር ትዝ አለኝ።

የኤጀንሲው ባለቤት

ኤጀንሲ ከመክፈቴ በፊት ስምንት ዓመት አስተርጉሜአለሁ። ወንድሜ የቆሙበት ኮሪደር ላይ እኔም ቆሜአለሁ። ሕመሙን አልክድም፤ የምቃወመው መድኃኒቱን ነው።

ኤጀንሲ ሲባል ለብዙ ሰው ፎቅ ይታየዋል። የእኔ ቢሮ የማድ ቤቴ ጠረጴዛ ነው። ባለፈው ዓመት ለአንድ ትልቅ ደንበኛ የላክሁት ኢንቮይስ በ52ኛው ቀን ተመለሰልኝ፤ የግዢ ትእዛዝ ቁጥሩ ላይ አንድ አኃዝ ጎድሎ ኖሯል። አርሜ ስልከው የ60 ቀኑ የክፍያ ጊዜ ቆጠራ እንደ አዲስ ተጀመረ። በዚያ ኢንቮይስ ውስጥ የዘጠኝ ሰው ሥራ ነበረበት። ከባንክ ተበድሬ ለስድስቱ ከፈልሁ፣ ሦስቱን ጠብቁኝ አልኋቸው። ማንን ላስቀድም እያልሁ የስም ዝርዝሩን ይዤ ያነጋሁባት ሌሊት አትረሳኝም። ትንንሽ ልጆች ያሏቸውን አስቀደምሁ።

ወንድሜ እቁብን አነሡ። እቁብ የሚጸናው ገንዘቡን የሚወስድ ሁሉ ዋስ ስለሚጠራ ነው። ሆስፒታሉ ለእኔ ማንን ዋስ ጠራልኝ? የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤት ቢሆን ከ1982 ጀምሮ ሕግ አለ፤ ክፍያ ካሳለፈ ወለድ ይጨምራል። የግል ሆስፒታል ግን በገዛ ውሉ ላይ 60 ወይም 90 ቀን ብሎ ይጽፋል፤ እምቢ ብል ሥራው ወደ ትልልቆቹ ኩባንያዎች ይሄዳል። "ደንበኛው ከፈለም አልከፈለም በ30 ቀን ክፈል" የሚለውን ሸክም የሚችሉትም እነሱ ናቸው። እነሱ አስተርጓሚውን ቤቱ አስቀምጠው በስልክና በቪዲዮ ያሠሩታል፣ በደቂቃም ይቆጥሩለታል። እኔ አርባ ደቂቃ ለሠራ ሰው የሁለት ሰዓት እከፍላለሁ፣ የመንገዱንም አስባለሁ። እንደኔ ያሉት ሲዘጉ ያቺ እናት በበረዶ የሚደርስላት ሰው ሳይሆን በጎማ የሚገፋ ስክሪን ነው የሚቀርብላት።

በአንድ ነገር እስማማለሁ። መዘግየትና ጨርሶ መቅረት አንድ አይደሉም። የኒው ዮርክ ክፍለ ግዛት የመጨረሻው ፍርድ ቤት በ1995 በአንድ የግንባታ ክርክር ላይ፣ ባለቤቱ ካልከፈለ ንዑስ ተቋራጩም አይከፈለውም የሚያሰኝ የውል አንቀጽ አይጸናም ብሏል፤ ጊዜን ብቻ የሚወስን አንቀጽ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ድንበሩ እዚያ ላይ ይሰመር። ደንበኛው ቢከስር ጉዳቱ የእኔ ይሁን፤ የመጠበቁን ጊዜ ግን እንካፈለው። ያ የብሪታንያ ደንብም ቢሆን በራሳቸው ኩባንያ ስም የሚሠሩ ባለሙያዎች ወደውና ፈቅደው እንዲወጡበት በር ትቷል።

አስተርጓሚው በድጋሚ

እህቴ ስለ ዋስ የጠየቁት ጥያቄ ከባድ ነው፤ ያቺን ሌሊትም አምናቸዋለሁ። ነገር ግን ሆስፒታሉን ዋስ ሊጠይቅ፣ ሊከስም የሚችለው ከእሱ ጋር የተዋዋለ ነው። የዲሲ የአነስተኛ ክርክር ችሎት እስከ 10,000 ዶላር፣ የሜሪላንዱ እስከ 5,000 ዶላር ያያል። እዚያ ሄጄ ላቆም የምችለው ኤጀንሲውን ብቻ ነው። እሑድ ቤተ ክርስቲያን የምንሳለመውን፣ በእድር አብሮን የሚቀመጠውን ሰው ለአንድ ቀን ሥራ ገንዘብ ብዬ ልክሰስ? አልከስም። አለመክሰሴንም ያውቁታል፤ የሚቆየው የእኔ ኢንቮይስ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ጊዜውን እንካፈል ካሉ ጊዜው ቁጥር ይኑረው። 45 ይሁን፣ 60ም ይሁን፤ ኪራዬን አስቤ ሥራውን እቀበላለሁ ወይም እተወዋለሁ። ከእሳቸው ጋርም ሠርቼ አውቃለሁ፣ ውላቸው "ደንበኛው ሲከፍል" ነው የሚለው። በሚቀጥለው ላይ በዚያ ቦታ ቁጥር ጽፈው ይላኩልኝ፤ የዚያኑ ዕለት ፈርሜ እመልሳለሁ።