የጓሮ ቤት ደንብ ለማን ይቆማል?

እንደሚታወቀው በአንድ ከተማ ውስጥ ማን በየትኛው ሠፈር እንደሚኖር ከሚወስኑት ኃይሎች አንዱ ተራው ነዋሪ ከቶ የማያነበው የመሬት አጠቃቀም ደንብ ነው። በርካታ ወገኖቻችን የሚኖሩባት የአሜሪካ ከተማ ሲያትል በጓሮ ቤት ደንብ ሳቢያ ያካሄደችው የብዙ ዓመታት ሙግት ለዚህ ጉልህ ማስረጃ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የጓሮ ቤት ስንል በዋናው መኖሪያ ግቢ ውስጥ የሚሠራውን፣ የራሱ ማብሰያና መታጠቢያ ያለውን አነስተኛ ቤት ማለታችን ነው። በየግቢያችን «ሰርቪስ» የምንለው ቤት የቅርብ ዘመዱ ነው።

ሲያትል የመጀመሪያውን የክልል ደንብ ያወጣችው በ1923 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት አሥርት ዓመታት ሰፊው የመኖሪያ መሬቷ በአንድ ይዞታ ላይ አንድ ቤተሰብ ብቻ እንዲኖርበት ተከለለ። ከደንቡ ጎን ለጎንም በብዙ ሠፈሮች ጥቁሮችና እስያውያን ቤት እንዳይገዙና እንዳይኖሩ የሚከለክል አንቀጽ በርስት ውሎች ውስጥ ገባ። ከእነዚህ ውሎች ብዙዎቹ አንድ ልዩ ፈቃድ ነበራቸው፤ ጥቁሩ የቤት አገልጋይ ከሆነ በግቢው ማደር ይችላል። ይኸውም ለማገልገል መተኛት ተፈቀደ፤ ኪራይ ከፍሎ ጎረቤት መሆን ግን ተከለከለ ማለት ነው። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 እንዲህ ያለው ውል በፍርድ ቤት ኃይል እንዳይፈጸም ወሰነ፤ የ1968 የፌዴራል ሕግም በቤት ሽያጭና ኪራይ በዘር ማግለልን ከለከለ። የአንድ ቤተሰብ ክልል ግን ባለበት ቆየ። የቆዳ ቀለም ሳይጠራ፣ በቤት ዋጋ ብቻ አጣርቶ የሚያስገባ አጥር ሆኖ አገለገለ።

ከተማይቱ በ2010 ከዋናው ቤት ተነጥሎ የሚቆመውን የጓሮ ቤት በመላ ክልሏ ፈቀደች። ይሁን እንጂ በአንድ እጅ የሰጠችውን በሌላው ነሳች። ባለቤቱ የግድ በግቢው መኖር አለበት፤ ይዞታው ከ372 ካሬ ሜትር ገደማ ማነስ የለበትም፤ ለተጨማሪው ቤትም የመኪና ማቆሚያ ቦታ ይዘጋጅ ተባለ። ሰው መኝታ ሳያገኝ ለመኪና ማደሪያ የሚጨነቅ ደንብ የማንን ጥቅም እንደሚያስቀድም ለማንም ግልጽ ነው።

ደንቡን ለማሻሻል በ2016 ጥረት ሲጀመር የኩዊን አን ሠፈር የማኅበረሰብ ምክር ቤት ይግባኝ አቀረበ። የከተማይቱ አቤቱታ ሰሚ ሹም ሙሉ የአካባቢ ተጽዕኖ ጥናት እንዲካሄድ አዘዘ። ጥናቱ በ2018 ቢጠናቀቅም በጥናቱ ላይ ደግሞ ሌላ ይግባኝ ተከተለ፤ ይህም በግንቦት 2019 ውድቅ ሆነ። ስለ ዛፍና ስለ ጎርፍ መጠየቅ ተገቢ መሆኑን አንክድም። ነገር ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በችሎት የሚመላለስ ጊዜና ገንዘብ ያለው ባለቤቱ ነው። በዚያው ዘመን ኪራይ የናረበት ሠራተኛ ዕቃውን ጭኖ ወደ ከተማይቱ ዳር ይሄዳል፤ በችሎቱ መዝገብም ስሙ አይገኝም።

በሐምሌ 2019 ምክር ቤቱ አዲሱን ደንብ ያለ ተቃውሞ ድምፅ አጸደቀ። በአንድ ይዞታ ሁለት ተጨማሪ ቤት ተፈቀደ፤ የባለቤት ነዋሪነትና የመኪና ማቆሚያ ግዴታ ተነሣ፤ ዝቅተኛው ይዞታ ወደ 297 ካሬ ሜትር ገደማ ወረደ። በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚልቀው፣ እምብዛም ያልተወራለትም፣ አሮጌ ቤት እያፈረሱ ግዙፍ ቪላ የሚተክሉትን የሚገታው የስፋት ገደብ ነው። በ2023 የዋሽንግተን ግዛት ሕግ አውጪም ተመሳሳይ ግዴታ በግዛቱ ከተሞች ላይ ስለጣለ፣ እያንዳንዱ ሠፈር በየፊናው አጥሩን የሚያጥርበት ሥልጣን ጠበበ።

ቢሆንም ደንብ ጡብ አይሆንም። ከተማይቱ በ2020 አስቀድመው የጸደቁ ንድፎችን ማቅረቧ የሚመሰገን ሲሆን፣ ንድፍ የያዘው ሁሉ ግን ግንበኛ መክፈል አይችልም። በጡረታ የምትኖር መበለት ግቢ እያላት ባንክ ገቢዋን አይቶ ይመልሳታል፤ ሀብታሙ ጎረቤቷ ሁለት ቤት ሠርቶ ለአገር ጎብኚ ያከራያል። ስለዚህ መንግሥታዊ ብድር በአነስተኛ ወለድ ሊሰጥ ይገባል እንላለን። ብድሩን የሚወስደው ባለቤትም ቤቱን በተወሰነ ኪራይ፣ ለዓመታት፣ በዚያው ከተማ ለሚሠራ ሰው ለማከራየት በጽሑፍ ይግባ።