ቤት የሚመታው ፊደል

በአዲስ አበባ ከገርጂ እስከ ሲኤምሲና አያት ድረስ ባሉት የግል መዋዕለ ሕፃናት ደጃፍ ጠዋት የሚያልፍ ሰው የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መስማቱ አይቀርም። አማርኛው ግን አብዛኛውን ጊዜ በዝምታ ነው የሚሰጠው፤ መምህሯ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች፣ ልጁ ደብተሩ እስኪሞላ ይገለብጣል። ክፍፍሉ ትክክል አይመስለኝም፤ ግጥምና ዜማ ይበልጥ የሚያግዘው የአማርኛውን ንባብ ነው። በአማርኛ ስንኝ ቤት የሚመታው የመጨረሻው ፊደል ሲገጥም ነው፤ «በላ» እና «ገላ»ን ያጋጠመው ድምፅ የፊደል ገበታው ላይ «ላ» ተብሎ ለብቻው ተቀምጧል። በእንግሊዝኛ ድምፁ አንድ ሆኖ አጻጻፉ የሚለያይበት ጊዜ ብዙ ነው። የእኛ ልጅ ግን ቤት መምቻውን በጆሮው ከያዘ የቀረው በዓይኑ ማየት ብቻ ነው።

የቀረው «ብቻ» ይሁን እንጂ ቀላል አይደለም። ተመራማሪዎቹ ብራድሌይና ብራያንት እ.ኤ.አ. በ1983 ኔቸር መጽሔት ላይ ባወጡት ጥናት፣ ድምፅ መለየት ይከብዳቸው ከነበሩት ልጆች መካከል በንባብ የላቁት ድምፁን ከፕላስቲክ ፊደላት ጋር አያይዘው የተለማመዱት ነበሩ። ስለዚህ «ዘፈን ያሸመድዳል እንጂ አያስነብብም» የሚለው ተቃውሞ ግማሽ እውነት አለው። የቄስ ትምህርት ቤት ድምፅ ከፊደል ጋር መያያዝ እንዳለበት ጥንት ያወቀ ይመስላል። ተማሪው በዜማ እየቆጠረ እያንዳንዱን ፊደል በስንደዶ ይነካል፤ «ሀ ሁ»ን በቃሉ ሲወጣው ደግሞ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። እዚያ «አ» ብሎ ወደ «ቡ»፣ «ጊ»፣ «ዳ» ስለሚዘል የለመደው ተራ አያድነውም። (ለ«ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ግን ዜማም አይረዳም፤ ለጆሮ አንድ ናቸውና የዓይን ሥራ ናቸው።)

ወላጅ «የምከፍለው እንግሊዝኛ እንዲያውቅልኝ ነው» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2010 በአገራችን የተካሄደው የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶው ያህል በተማሩበት ቋንቋ ከቀረበላቸው ምንባብ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ አሳይቷል። የቤቱን ቋንቋ ማንበብ ያቃተው ልጅ ለባዕዱ መንደርደሪያ የለውም። ልጁ ማንበብ ለመቻሉ ማስረጃውም የተሞላ ደብተር መሆን የለበትም፤ በወላጆች ቀን ልጁ የዘመረው ግጥም ሰሌዳው ላይ ይጻፍና መምህሯ ከመሐል አንዱን ፊደል ትጠቁመው።