ባለ 32 ጊጋባይት ላፕቶፕና የቀላል ሥርዓተ ክወና ምርጫ

ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ አብቅቷል። ተተኪው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፣ 64 ጊጋባይት ማከማቻና ቲፒኤም 2.0 የተሰኘውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። በመሆኑም ባለ 32 ጊጋባይት ርካሽ ላፕቶፖች ከነጭራሹ ከደጅ ቀርተዋል። የመመረቂያ ጽሑፉን የሚጽፈውና የመስክ መረጃውን የሚያስቀምጠው በእንዲህ ያለ ማሽን ላይ የሆነ ተማሪ፣ አዲስ መግዣ ከሌለው፣ የሚቀርብለት ምክር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ “ከሁሉ የሚቀልለውን ሊኑክስ ጫን” የሚል። ምክሩ በጎ አሳብ ቢኖረውም መለኪያው የተሳሳተ ነው።

በቅድሚያ ችግሩ የት እንዳለ መለየት ያስፈልጋል። በእነዚህ ማሽኖች ላይ የሚገኘው ኢኤምኤምሲ የተባለው ማከማቻ ከእናት ቦርዱ ጋር የተበየደ በመሆኑ እንደ ሃርድ ዲስክ ተፈትቶ አይለወጥም። በአሥርዮሽ ተቆጥሮ 32 የተባለውን ደግሞ ዊንዶውስ 29.8 ገደማ አድርጎ ያሳየዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የዊንዶውስ 10 ዕትም በአዲስ ማሽን ላይ ሲጫን ወደ 7 ጊጋባይት የሚጠጋ ቦታ ለራሱ ማዘመኛ ይይዝ ነበር። ከዚህ ላይ ሥርዓተ ክወናው ራሱና ጥቂት ፕሮግራሞች ሲታከሉ ለቀጣዩ ማዘመኛ መዘርጊያ ቦታ አይተርፍም፤ ማዘመን ይከሽፋል፤ ባለቤቱም “አርጅቷል” ይላል። ያረጀው ግን ፕሮሰሰሩ አይደለም፤ የጠበበው መጋዘኑ ነው። (ዲስኩ ተፈትቶ የሚለወጥ አሮጌ ላፕቶፕ ያለው ሰው ይህን ሁሉ ሙግት ሳይሰማ፣ አስቀድሞ ርካሽ ኤስኤስዲ ቢያስገባበት ይሻለዋል።)

ቅለት ብቻውን መለኪያ ቢሆን ኖሮ ምርጫው ባልከበደ ነበር። ታይኒ ኮር በጥቂት አሥር ሜጋባይት ይነሣል፤ ፓፒ ሊኑክስ ራሱን ወደ ራም ገልብጦ በአሮጌ ማሽን ላይ በሚያስገርም ፍጥነት ይሠራል። ከተበላሸ ማሽን ፋይል ለማዳን ከፓፒ የሚሻል መሣሪያ ማግኘት ይቸግራል። ነገር ግን ፓፒ በተለመደው አሠራሩ ተጠቃሚውን በሙሉ የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስገባዋል። የመላሾችን ቃለ መጠይቅ በአደራ የያዘ ተመራማሪ በዚህ ሁኔታ ኢንተርኔት ላይ መዋል የለበትም። ደግሞም በገጽታው ቅለት የሚቆጠበው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ራም በብሮውዘሩ በአንድ ጊዜ ይበላል። ባለ 2 ጊጋባይት ራም ማሽን ላይ ሃያ ገጽ ከፍቶ የሚሠራን ሰው የትኛውም ሥርዓተ ክወና አያድነውም።

ክሮም ኦኤስ ፍሌክስ በ4 ጊጋባይት ራምና በ16 ጊጋባይት ማከማቻ ይረካል። ይሁንና ሥራው ሁሉ በብሮውዘርና በጎግል አካውንት ላይ የቆመ በመሆኑ ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቦታ አስተማማኝ አይሆንም። ኡቡንቱ በበኩሉ ለዴስክቶፑ 25 ጊጋባይት ይጠይቃል። ፋየርፎክስን የሚያቀርብበት ስናፕ የተሰኘው አሠራርም የእያንዳንዱን ፕሮግራም የቀድሞ ቅጂ ከአዲሱ ጋር ስለሚያቆይ፣ ሰፊ ዲስክ ላይ የማይታወቅ ብክነት በ32 ጊጋባይት ላይ ሸክም ይሆናል። ቀላሉ ወንድሙ ሉቡንቱም ከዚህ አያመልጥም።

እንግዲህ ሚዛኑ የሚደፋው ወደ ዴቢያን ነው፤ ከኤልኤክስኪውቲ ወይም ከኤክስኤፍሲኢ ገጽታ ጋር። ሊብሬኦፊስን ጨምሮ ከ10 ጊጋባይት በታች ይይዛል። የአንድ ዕትም የደኅንነት ማሻሻያ ከተራዘመው ድጋፍ ጋር አምስት ዓመት ገደማ ይዘልቃል፤ ይህም ከአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት፣ አልፎም ከብዙ የሦስተኛ ዲግሪ ጥናቶች ዕድሜ የሚረዝም ነው። ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ብልጫ አለው። በአንዳንድ ርካሽ የአተም ላፕቶፖች ላይ ፕሮሰሰሩ ባለ 64 ቢት ሆኖ ሳለ ማስነሻው ባለ 32 ቢት በመሆኑ ብዙ የሊኑክስ ፍላሾች አይነሡም፤ ዴቢያን ግን ይህን ቅይጥ ከ8ኛው ዕትሙ፣ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አስቦበታል። ፕሮሰሰሩ ራሱ ባለ 32 ቢት ከሆነ ግን በ2025 እ.ኤ.አ. የወጣው 13ኛው ዕትም አይጫንበትም። ለዚያ ማሽን በ12ኛው ዕትም ላይ የተመሠረተው አንቲኤክስ 23 ጊዜያዊ ማረፊያ ይሆናል።

ከባዱ ወጪ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የአማርኛ ፊደል በኖቶ ኢትዮፒክ ይታያል፤ በአይባስ የፊደል ገበታም በድምፁ ተከትሎ መጻፍ ይቻላል። ለዓመታት በፓወር ግዕዝ ሲጽፍ የኖረ እጅ ግን አዲሱን ገበታ እስኪለምድ ይዘገያል። ከዩኒኮድ ውጪ በሆኑ አሮጌ ፎንቶች የተጻፉ ሰነዶች ካሉ ዊንዶውሱ ሳይደመሰስ በፊት መለወጥ አለባቸው፤ አለዚያ የማይነበብ ምልክት ሆነው ይቀራሉ። ኢንድኖት የሊኑክስ ዕትም የለውም፤ ዞቴሮና አር ግን አላቸው። አማካሪው በወርድ እርማት የሚልክለት ተማሪም የሠንጠረዥና የገጽ ቁጥር መዛባት እንደሚገጥመው አስቀድሞ ይወቅ። ስለዚህ ዴቢያንን ከፍላሽ ላይ በቀጥታ አስነሥቶ፣ ምንም ሳይደመስስ፣ በራሱ የጥናት ምዕራፍ ላይ ለጥቂት ቀናት ቢሠራ ይመከራል። ለመከላከያ ጥቂት ሳምንት የቀረው ተማሪ ግን ከነአካቴው አይንካው።

የትምህርት ክፍሎች በዚህ ረገድ ዝም ማለታቸው አያስመሰግንም። ጥቂት ጊጋባይት የሚመዝን አንድ የመጫኛ ፋይል አንድ ጊዜ ወርዶ በፍላሽ ቢታደል፣ እያንዳንዱ ተማሪ በየግሉ የኢንተርኔት ጥቅል አይከፍልበትም። ከተጫነ በኋላም የተጨመቀ የራም መለዋወጫ የሆነውን ዚራምን ማብራት፣ የወረዱ የጥቅል ፋይሎችን በየጊዜው ማጽዳትና ማከማቻው ከመሙላቱ በፊት ጥቂት ጊጋባይት ባዶ መተው ያስፈልጋል። ኢኤምኤምሲ ሲሞት የጥናቱ መረጃም አብሮት ስለሚሄድ፣ ቅጂው ከማሽኑ ውጪ ባለ ዲስክ ላይ በየሳምንቱ ይቀመጥ።