መንደርደሪያው ይለካል፤ ቁልቁለታችንም ይለካ

ከሰኔ ጀምሮ እስከ መስከረም መባቻ ድረስ ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን አስፋልት የሚረግጥ የጉለሌ ሰው ሁሉ፣ መንገዱ በበጋ አንድ ዓይነት በክረምት ደግሞ ሌላ ዓይነት መሆኑን ያውቃል። በበጋ እንደ ልብ የሚቆመው መኪና በክረምት አልቆምም ይላል። ጭራሮና ቅጠል በጀርባቸው አዝለው የሚወርዱት እናቶች የመንገዱን ዳር ዳር ይይዛሉ። በተለይ ከረጅም ደረቅ ወራት በኋላ የሚጥለው የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውንና ከመኪና የተንጠባጠበውን ዘይት ለውሶ አስፋልቱን እንደ ሳሙና ያደርገዋል። ይህን ሁሉ የምናውቀው በእግራችንና በዓይናችን ነው። መንገዱ ምን ያህል እንደሚያዳልጥ በቍጥር ተለክቶ ለሕዝቡ ቢነገር ይጠቅማል የሚል አሳብ አለኝና እርሱን ላስረዳ እሞክራለሁ።

አሳቡ የመጣልኝ ስለ አይሮፕላን መንደርደሪያ ሳነብ ነው። ውድ አንባቢያን፣ አይሮፕላንና የጉለሌ ቁልቁለት ምን ያገናኛቸዋል ብላችሁ ገጹን ለመግለጥ አትቸኩሉ፤ ሁለቱም ጋ ጉዳዩ እርጥብ መሬት የረገጠ ጐማ ነው።

አገራችን በመጋቢት ወር 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የመንገደኞች በረራ ወደ ካይሮ ስታደርግ አይሮፕላኑ የተነሣው ከልደታ ሜዳ ነበር። የጄት ዘመን በመጣ ጊዜ ግን የልደታ መንደርደሪያ ለቦይንግ 720 አጠረ፤ ስለዚህ በ1955 ዓ.ም. የቦሌው መንደርደሪያ ሥራ ጀመረ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስላለ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ክንፍን በሚገባ ስለማይደግፍ፣ አይሮፕላን በባሕር ዳር ካለ አገር ይልቅ እዚህ ሲያርፍ መሬቱን በበለጠ ፍጥነት ይነካል፤ ልዩነቱም ከ10 በመቶ ይበልጣል። ፍጥነት በ10 በመቶ ሲጨምር ደግሞ ለመቆም መጥፋት ያለበት ጕልበት በ21 በመቶ እንደሚጨምር የፊዚክስ መምህራችን በሰሌዳ ላይ ያሳዩን ቀላል ሒሳብ ነው። የሐምሌን ዝናብ በዚህ ላይ ጨምሩበት።

እንግዲህ መንደርደሪያ የሚፈተነው እንዲህ ነው። አንድ የመለኪያ መኪና ወይም ተጐታች በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር፣ ቀጥሎም 95 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከመለኪያው ጐማ ፊት 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ያፈሳል። ይህ ጐማ እንደ ሌሎቹ በነፃ እንዳይሽከረከር በጥቂቱ ተይዞ ስለሚጐተት፣ መሬቱ ምን ያህል እንደሚቆነጥጠው በመሣሪያው ላይ ይመዘገባል። የሚወጣው ቍጥር በትምህርታችን የሰበቃ መጠን የምንለው ነው። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት፣ ይኸውም በ1937 ዓ.ም. ቺካጎ ላይ የተፈረመው ውል የወለደው ድርጅት፣ ለየመሣሪያው ዓይነት ልክ አውጥቷል። ከመሣሪያዎቹ በአንደኛው በ65 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሲለካ፣ አዲስ መንደርደሪያ 0.82 እንዲሆን ይታሰባል፤ ወደ 0.60 ሲወርድ ጥገና ይታቀድለታል፤ ከ0.50 በታች ከሆነ ግን «ሲረጥብ ያዳልጣል» ተብሎ ለአብራሪዎች እንዲነገር ደንቡ ያዛል። እኔን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ቍጥሩ በመሥሪያ ቤት መሳቢያ ውስጥ አይቀመጥም፤ በመሬቱ ላይ ሕይወቱን ለሚጥለው ሰው አስቀድሞ ይነገረዋል።

መንደርደሪያን የሚያዳልጥ የሚያደርገው ዝናብ ብቻ አይደለም። አይሮፕላን ሲያርፍ የማይሽከረከር ጐማ መሬቱን ነክቶ በቅጽበት መሽከርከር ስለሚጀምር፣ ከላስቲኩ ጥቂት እየቀለጠ አስፋልቱ ላይ ይጣበቃል። ይህ ጥቁር ልባስ በኃይለኛ ግፊት በሚረጭ ውሃ ይታጠባል። ዝናቡም ከጐማው ሥር ቶሎ እንዲያመልጥ በብዙ አገር መንደርደሪያው ላይ በአግድም ቀጫጭን ቦዮች ይቀረጹበታል። በብራዚል አገር በሳኦ ፓውሎ ከተማ በኮንጎኛስ ማረፊያ መንደርደሪያው እንደ ገና ተነጥፎ ቦዮቹ ገና ሳይቀረጹ ለሥራ ተከፍቶ ሳለ፣ በሐምሌ 1999 ዓ.ም. አንድ አይሮፕላን በዝናብ አርፎ ሊቆም ሳይችል ቀረና 199 ሰዎች አለቁ። መርማሪዎች የአንደኛው ሞተር መቆጣጠሪያ እጀታ በተገቢው ቦታ አለመሆኑንም አግኝተዋል፤ ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ በአስፋልቱ ላይ መጣል አይገባም።

የእኛው ቦሌም የራሱ ሐዘን አለው። በሚያዝያ 10 ቀን 1964 ዓ.ም. ለመነሣት ይንደረደር የነበረ የምሥራቅ አፍሪካ አየር መንገድ ቪሲ 10 አይሮፕላን፣ ከሌላ ትንሽ አይሮፕላን ወድቆ በመንደርደሪያው ላይ የቀረ ብረት ረግጦ የፊት ጐማው ፈነዳ። አብራሪው መነሣቱን ትቶ ለማቆም ሞከረ። ነገር ግን የፍሬኑ አንድ ክፍል ቀደም ሲል በተሳሳተ መንገድ ተገጥሞ ስለ ነበር፣ በቀረው ርቀት መቆም ሳይችል ከመንደርደሪያው ጫፍ አልፎ ወደቀና ተቃጠለ። ከተሳፈሩት 107 ሰዎች 43ቱ ሞቱ። በዚያ ቀን ጥፋቱ መሬቱ ማዳለጡ አልነበረም። እንዲህ ብለን መናገር የቻልነው ጐማው፣ ፍሬኑና መሬቱ አንድ በአንድ ስለ ተመረመሩ ነው።

በሰፈራችን ግን አንድ መኪና ቁልቁለት ላይ አልቆም ሲል የሁላችንም ምርመራ በሁለት ቃል ያልቃል፤ «ፍሬን በጥሶ ነው» እንላለን። ባለፈው ሐምሌ ከሽሮ ሜዳ ከፍ ብሎ አንድ ሚኒባስ አራቱም ጐማዎቹ ቀጥ ብለው ቆመው ሳለ እንደ በረዶ ወደ ታች ሲንሸራተት አይቻለሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ የግንድ ክምር ያዘው እንጂ ሰው አልነካም። በዙሪያው የተሰበሰበው ሰው ሁሉ «ፍሬን በጥሶ!» ይል ነበር። ፍሬኑ የተበጠሰ መኪና ግን ጐማው ይሽከረከራል እንጂ አይቆምም። የዚያ ሚኒባስ ፍሬን ሥራውን ሠርቷል፤ ያልያዘው በጐማውና በመሬቱ መካከል ያለው ሰበቃ ነው። ሹፌሩን ስንወቅስ መሬቱን ሳንጠይቀው አለፍን።

ቁልቁለት ነገሩን እንዴት እንደሚያከፋ በሒሳብ ላሳይ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሜዳ ላይ የሰበቃው መጠን 0.7 ሲሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ9 ሜትር ያህል ይቆማል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ 10 ሜትር ተኩል ያህል ይፈልጋል፤ ይህ ብዙ ልዩነት አይደለም። ሰበቃው በእርጥበትና በመላላጥ ወደ 0.35 ቢወርድስ? በሜዳው 18 ሜትር፣ በቁልቁለቱ ግን 25 ሜትር። ቁልቁለትና ማዳለጥ ሲገናኙ እንደ ሁለት ሌቦች ይተጋገዛሉ። አሥራ አምስት ሜትር ደግሞ በሽሮ ሜዳ ገበያ ብዙ ሰው የሚቆምበት ቦታ ነው።

አንድ የክፍል ጓደኛዬ በክርክር ጊዜ «አይሮፕላን 300 ሰው ይጭናል፤ ሚኒባስ 12 ሰው ነው፤ ወጪው አይመጣጠንም» ብሎ ተቃወመኝ። እኔ ግን ቈጠራው ልክ አይመስለኝም። በዚያ መንገድ በቀን ስንት ሚኒባስ፣ ስንት አውቶቡስ፣ ስንት ጭነት መኪና ይወርዳል? የእንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህም የጐብኚው መኪና ተጨምሯል። ደግሞም የአይሮፕላን ተሳፋሪ ቲኬት ቈርጦ፣ ወዶ ነው የገባው፤ ከመንገዱ ዳር ተቀምጣ በቆሎ የምትጠብሰው ሴት ግን በማንም መኪና አልተሳፈረችም። ጥርሱ ባለቀ ጐማ የሚነዱ አሉ ለሚለኝ፣ አሉ እላለሁ፤ እነርሱም ይመርመሩ።

ስለ ወጪው ከሆነ፣ ለመንገድ የሚሆን ቀላል መሣሪያ አለ። በእንግሊዝ አገር የመንገድ ተመራማሪዎች ያዳበሩት ፔንዱለም ነው። በክንዱ ጫፍ ላስቲክ የተገጠመለት ሲሆን፣ ከላይ ሲለቀቅ እርጥቡን መንገድ 12 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ፈትጎ ወደ ማዶ ይወጣል። ብዙ ከወጣ መሬቱ ያዳልጣል፤ ጥቂት ከወጣ ይቆነጥጣል። ሁለት ሰው ተሸክሞት የትም ይደርሳል። (የእንጦጦን መንገድ በላስቲክ ሲፈትን የኖረ ሌላ መሣሪያም አለን፤ ከአሮጌ ጐማ የሚሠራው በረባሶ። የሚያሳዝነው ቍጥር አለመጻፉ ነው።)

ከዚህም የሚቀል አለ። በወንፊት የተነፋ ደረቅ ደቃቅ አሸዋ 25 ሚሊ ሊትር ለክቶ መሬቱ ላይ በማፍሰስ፣ በጠፍጣፋ ክዳን እያሹ በክብ መልክ መዘርጋት ነው። አሸዋው የመሬቱን ጕድጓዶች ሞልቶ የክቡ ስፋት 18 ሳንቲ ሜትር ያህል ከሆነ፣ የመሬቱ ሸካራነት በአማካይ 1 ሚሊ ሜትር ጥልቀት አለው ማለት ነው፤ ለአዲስ መንደርደሪያ የሚመከረውም ከዚህ እንዳያንስ ነው። በግቢያችን የሲሚንቶ መሄጃ ላይ ብንሞክረው ክቡ ከ30 ሳንቲ ሜትር በለጠ፤ በዝናብ ቀን ለምን እንደምንወድቅበት ያኔ ገባን። ይህ ፈተና ግን ብቻውን አይበቃም። ጥልቁ ሸካራነት የሚጠቅመው ውሃውን ለማሳለፍ፣ በተለይም በከፍተኛ ፍጥነት ነው። እንደ እኛ ሰፈር በዝግታ ለሚሄድ መኪና የሚቆነጥጠው በጣት ሲዳሰስ የሚሻክረው የድንጋዩ ደቃቅ ጥርስ ነው፤ ይህም በጐማ ብዛት እየተላላጠ ይሄዳል። እርሱን የሚናገረው ፔንዱለሙ ነው።

ስለዚህ የከተማችን የመንገድ መሥሪያ ቤት በየዓመቱ በግንቦት ወር፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ የጉለሌን ቁልቁለቶች በፔንዱለም ለክቶ ቍጥሩን በቀበሌው ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢለጥፍ፣ ከልኩ በታች የሆነውንም ቢያሻክር፣ እስኪሻከርም ድረስ «ሲረጥብ ያዳልጣል» የሚል ምልክት ቢተክል ብዬ አሳስባለሁ። ከየት ይጀመር ቢባል፣ የእኔ ምርጫ ከሱሉልታ በኩል መጥቶ በአዲሱ ገበያ ወደ ሰሜን ሆቴል የሚወርደው ነው፤ ከጐጃም እህል የጫነው መኪና ሁሉ ደክሞና ግሎ የሚደርሰው በዚያ ነውና። ሁለተኛው ከሽሮ ሜዳ ገበያ በላይ ያለው ነው። አሸዋውንና ወንፊቱን ይዘን ለመርዳት የፊዚክስ ክበባችን አባሎች ቅዳሜ ቅዳሜ ጊዜ አለን።