ኢኮ ሲነሱ ሆድም ይታይ

በፒያሳ ያለፈ አዲስ አበቤ ሁሉ የደጎልን ስም ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1966 አገራችንን የጎበኙት የፈረንሳዩ ጄኔራል ደጎል፣ በ1970 አንድ ምሽት ቤታቸው እንደተቀመጡ ጀርባቸውን አሟቸው ወደቁ። 80 ዓመት ሊሞላቸው የቀረው ሁለት ሳምንት ነበር። የፈነዳው ሆዳቸው ውስጥ ያለው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ ነው። አልበርት አንስታይንም በ1955 የሞተው በዚሁ ነው። እሱ እንኳ ያውቀው ነበር፤ በ1948 ሩዶልፍ ኒሰን የተባለ ሐኪም ያበጠውን ቧንቧ በሴሎፎን ጠቅልሎለት ከስድስት ዓመት በላይ ኖሯል።

አኦርታ ሆድ ውስጥ ሲደርስ ወርዱ 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። 3 ከደረሰ አኒዩሪዝም ይባላል፤ በወንዶች 5.5 ሲሞላ ሐኪሞች ቀዶ ሕክምናን ያነሳሉ። ክፋቱ አብዛኛውን ጊዜ እስኪፈነዳ አያምም።

እንግሊዞች በ2002 ይፋ ባደረጉት ጥናት 67,800 አረጋውያን ወንዶችን ለሁለት ከፈሉ። ለአልትራሳውንድ ከተጠሩት በአራት ዓመት ውስጥ በዚህ ሕመም የሞቱት 65፣ ካልተጠሩት 113 ሆኑ። ጥሩ ውጤት ነው፤ ግን ለዚህ የተጠራው ሕዝብ ብዛት! ሕመሙ በርከት ብሎ የሚገኝበትን ሰው መፈለግ ይሻላል ባይ ነኝ። እሱ ደግሞ ሩቅ አይደለም፤ የልቡ ደም ቧንቧ የጠበበበት፣ ሲጋራ ያጨሰ ሽማግሌ ነው።

ይህ ሰው ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ሊነሳ በግራ ጎኑ ተጋድሟል፤ ደረቱ በቀዝቃዛ ጄል ተለቅልቋል። ባለሙያው የልቡን ክፍሎች ለክቶ ሲያበቃ በጀርባው ያስተኛውና መሣሪያውን ከደረት አጥንቱ ሥር ያሳርፋል። እዚያ ላይ አኦርታ ራሱ ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላል። ከዚያ እስከ እምብርት፣ ቧንቧው ለሁለት እስከሚከፈልበት፣ አንድ ስንዝር ቢሆን ነው። ያቺን ስንዝር ወርዶ መለካት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የታዘዘው ግን ኢኮ ብቻ ስለሆነ ጄሉ ይጠረግና ሸሚዙ ይቆለፋል። (ምሳውን በልቶ የመጣ ከሆነ የአንጀት አየር ምስሉን ሊጋርደው ይችላል፤ ያኔ ሌላ ቀን በባዶ ሆዱ ይምጣ።)

«3.5 ነው» ተብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ይኖራል፤ ይህን አላቃልለውም። የልብ ሕመምተኛ ግን ለክትትል መመላለስ አዲሱ አይደለም፤ ሲጋራ መተውና ግፊትን መቆጣጠርም ለሁለቱም ሕመም ይበጃል።

አገር ቤት ኢኮ ለሚነሳ ሁሉ ይደረግ አልልም። ከልብ ታማሚዎቻችን በርካቶቹ የሩማቲክ ሕመም ቫልቫቸውን የጎዳባቸው ወጣቶች ናቸው፤ እነሱን አይመለከትም። አሜሪካ ያሉ አባቶቻችን ግን ልብ ይበሉ፤ ዕድሜው ከ65 እስከ 75 የሆነና በዕድሜ ዘመኑ 100 ሲጋራ ያጨሰ ወንድ ይህን ምርመራ አንድ ጊዜ በመንግሥት የጤና መድን፣ በሜዲኬር፣ ያገኛል። 100 ሲጋራ ማለት አምስት ፓኮ ኒያላ ነው። «እኔ እንኳ አጫሽ አልነበርኩም፣ ወታደር ቤት ሳለሁ ብቻ» የሚሉት አባት ወታደር ቤት ስንት ዓመት እንደቆዩ ይጠየቁ።