የፓርቲ ስምና የፓርቲ ይዘት፦ የኬንያና የታንዛኒያ መራጭ ምን ይመርጣል?

እንደሚታወቀው ሁሉ የፖለቲካ ፓርቲ ከሰማይ የሚወርድ ነገር አይደለም። ኅብረተሰብ በመደብ ተከፋፍሎ እስከኖረ ድረስ እያንዳንዱ ፓርቲ፣ ቢያምንም ቢክድም፣ የአንድ መደብ ወይም የተባበሩ መደቦች ጥቅም ማራመጃ መሣሪያ ነው። ስለሆነም የአንድን አገር ምርጫ ለመመርመር የተነሣ ሁሉ በቅድሚያ ሊጠይቅ የሚገባው «ስንት ፓርቲዎች ተወዳደሩ?» ብሎ አይደለም። «ፓርቲዎቹ የማን ናቸው? መራጩስ በእነርሱ አማካይነት ምን ሊለውጥ ይችላል?» ብሎ ነው። ይህን ጥያቄ በተጨባጭ ለማየት የኬንያንና የታንዛኒያን ተሞክሮ ጎን ለጎን እናስቀምጥ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሁለቱን አገሮች የለየው ድንበር የቅኝ ገዥዎች ስምምነት ውጤት ነው። ማሳዩ በወዲያም በወዲህም ከብቱን ያግዳል፤ ስዋሂሊ በሁለቱም ገበያ መግባቢያ ነው። ታንጋኒካ በ1961፣ ኬንያ በ1963 ነፃ ወጡ። ታንጋኒካን ለነፃነት ያበቃው ታኑ፣ ኬንያን ለነፃነት ያበቃው ካኑ ይባላሉ። ሁለቱም ፓርቲዎች በ1960ዎቹ ዓመታት መንገዳችን «የአፍሪካ ሶሻሊዝም» ነው ብለው አውጀዋል። ስማቸው ይህን ያህል ቢቀራረብም የሄዱበት ጎዳና ግን የተለያየ ነበር።

በኬንያ ነጭ ሰፋሪዎች የያዙት ለም መሬት ለባለቤቱ ለገበሬው በነፃ አልተመለሰለትም። ከብሪታንያ በተገኘ ብድር በዋጋ ተገዛ፤ ከሰፋፊዎቹ እርሻዎች ብዙዎቹም በአዲሱ ገዥ ክፍል እጅ ገቡ። ይህን ሂደት የተቃወመው የኦጊንጋ ኦዲንጋ የኬንያ ሕዝቦች ኅብረት በ1966 ተቋቁሞ በ1969 ታገደ። በ1982 አገሪቱ በሕግ የአንድ ፓርቲ አገር ሆነች። በ1988 ደግሞ የካኑን እጩዎች ለመለየት መራጩ በየእጩው ወኪል ኋላ በአደባባይ እንዲሰለፍ ተደረገ። ባለሥልጣን ቆሞ እያየው የሚሰለፍ ድሃ ነፃ መራጭ ነው ሊባል አይቻልም።

የታንዛኒያው ታኑ ግን በየካቲት 1967 በወጣው የአሩሻ መግለጫ ጠርቶ የሚታይ መርሐ ግብር ለሕዝቡ አቀረበ። ባንኮች በመንግሥት ይዞታ ሥር ዋሉ። የፓርቲና የመንግሥት መሪ አክሲዮን እንዳይዝ፣ ቤት እንዳያከራይ፣ ሁለት ደመወዝ እንዳይቀበል ተከለከለ። ቀደም ብሎ በ1965 በተደረገው ምርጫ አንድ ፓርቲ ብቻ ቢኖርም በየምርጫ ክልሉ ሁለት እጩዎች፣ አንዱ በዶማ፣ ሌላው በቤት ምልክት፣ ቀርበው መራጩ ሚኒስትሮችን ሳይቀር ከምክር ቤት አስወግዷል። ይህን ስንል ጉድለቱን ልንሸፍን አይደለም። በ1970ዎቹ ሚሊዮኖች ገበሬዎች ወደ ኡጃማ መንደሮች ሲሰበሰቡ ማግባባት በግዳጅ ተተክቶ ነበር። በገበሬው ስም የሚናገር ፓርቲ ገበሬውን ሳያማክር ሲወስን የራሱን መሠረት ይሸረሽራል።

በኬንያ የመድብለ ፓርቲ ሥርዓት በ1991 መጨረሻ ተመለሰ። በ1992 በተደረገው ምርጫ ፕሬዚዳንት ሞይ ያገኙት ከመቶ 36 ያህል ድምፅ ነበር፤ ከመራጩ አብዛኛው ለተቃዋሚዎች ድምፁን ቢሰጥም ተቃዋሚዎቹ በመከፋፈላቸው ተሸነፉ። ከ2002 ወዲህ ያሉትን አምስት ምርጫዎች እንመልከት። በ2002 ናርክ፣ በ2007 ፒ.ኤን.ዩ.፣ በ2013 በጁብሊ ጥምረት ውስጥ ቲ.ኤን.ኤ.፣ በ2017 ጁብሊ ፓርቲ፣ በ2022 ዩ.ዲ.ኤ. አሸነፉ። አምስት ምርጫ፣ አምስት ስም! ሰዎቹ ግን እነዚያው ናቸው። ዊልያም ሩቶ በ2007 ከራይላ ኦዲንጋ ጋር፣ በ2013 ከኡሁሩ ኬንያታ ጋር ነበሩ፤ በ2022 ሁለቱንም በተቃራኒ ቆመው አሸነፉ። ጥምረቶቹ የሚበጁት በመርሐ ግብር ዙሪያ ሳይሆን በብሔረሰብ ድምፅ ስሌት ነው። የዚህ ስሌት ዋጋ በ2007 ከተካሄደው ምርጫ በኋላ ታይቷል፤ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሲገደሉ፣ ሟቹ ባለ ጎጆው ድሃ እንጂ የጥምረቱ መሪ አልነበረም።

ታንዛኒያ ውስጥ የምናየው የዚህን ተቃራኒ ነው። ታኑና የዛንዚባሩ የአፍሮ ሺራዚ ፓርቲ በ1977 ተዋሕደው የመሠረቱት ቻማ ቻ ማፒንዱዚ፣ ትርጉሙም የአብዮት ፓርቲ፣ እስከ ዛሬ ሥልጣን ላይ ነው። ስሙም፣ የዶማና የመዶሻ ዓርማውም አልተለወጡም። ይዘቱ ግን ተለውጧል። በ1991 ፓርቲው በዛንዚባር ባሳለፈው ውሳኔ በመሪዎች ላይ የተጣለውን የሀብት ገደብ አነሣ። በዚያው ዘመን የተቋቋመው የኒያላሊ ኮሚሽን ካነጋገራቸው ዜጎች ከመቶ 80 ያህሉ የአንድ ፓርቲ ሥርዓት እንዲቀጥል መፈለጋቸው ይታወቃል። ይህ የሕዝብ አመኔታ ታላቅ አደራ ነበር። ታዲያ አደራው እንዴት ተያዘ? በጥቅምት 2025 በተደረገው ምርጫ ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ቻዴማ ከውድድር ታግዶ፣ መሪው ቱንዱ ሊሱ በክህደት ወንጀል ተከሰው እስር ቤት ሳሉ፣ ፕሬዚዳንት ሳሚያ ሱሉሁ ሐሰን ከመቶ 98 ያህል ድምፅ አገኙ ተባለ።

በሕግ ረገድም ልዩነቱ ጉልህ ነው። የኬንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2017 የፕሬዚዳንቱን ምርጫ ውጤት ሽሮ እንደገና እንዲካሄድ አዝዟል። የታንዛኒያ ሕገ መንግሥት በአንጻሩ የተገለጸው የፕሬዚዳንት ምርጫ ውጤት በፍርድ ቤት እንዳይጠየቅ ይከለክላል። ስለዚህ የኬንያው መራጭ ገዥውን ሊያወርድ ይችላል፤ የሚያወጣው ግን ያንኑ ክፍል ነው። የታንዛኒያው መራጭ ታሪክ ያለው ፓርቲ አለው፤ ሊያርመው ግን አይችልም።

ይህን እውነት አንድ ቃል ያሳየናል። «አዚሞ» በስዋሂሊ መግለጫ ወይም የጋራ ውሳኔ ማለት ነው። በ1967 በአሩሻ «አዚሞ» ሲባል የባንክ ባለቤትነትና የመሪ ሥነ ምግባር ማለት ነበር። በ2022 በኬንያ «አዚሞ» የምርጫ ጥምረት ስም ሆኖ በየፖስተሩ ተለጠፈ። ቃሉ ድንበር ተሻገረ፤ ይዘቱ ግን አብሮት አልተሻገረም።

የሁለቱ አገሮች ወጣት ትውልድ ይህን ባዶነት ተገንዝቧል። በሰኔ 2024 የኬንያ ወጣቶች የግብር ጭማሪ ረቂቅ ሕጉን ተቃውመው «ጎሣ የለሽ፣ መሪ የለሽ፣ ፓርቲ የለሽ» ብለው አደባባይ ወጡ፤ የሰው ሕይወት ከጠፋ በኋላ ረቂቁ ተነሣ። በታንዛኒያም በ2025ቱ የምርጫ ዕለት ተቃውሞ ተቀሰቀሰ፤ ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በዚያም ደም ፈሰሰ። ለእነዚህ ወጣቶች ያለን አክብሮት ከፍ ያለ ነው። ሆኖም ፓርቲ የለሽነት የበሽታው ምልክት እንጂ መድኃኒቱ አይደለም። ግብታዊ ንቅናቄ አንድን ሕግ ሊያስነሣ ይችላል፤ የመሬትን፣ የሥራንና የዕዳን ጥያቄ ግን ካለ ድርጅት ሊፈታ አይችልም። አደባባዩ ሲበተን በበጀቱ ላይ የሚወስኑት እነዚያው ይሆናሉና።

አንዳንድ ወገኖች የፓርቲዎች ብዛት በራሱ ዴሞክራሲ ነው ይሉናል። ሌሎች ደግሞ የአንድ ፓርቲ ዕድሜ መርዘም በራሱ የአንድነት ዋስትና ነው ይላሉ። ከላይ ያየነው ተሞክሮ ሁለቱንም አባባሎች ያፈርሳል። መመዘኛው አንድና ግልጽ ነው። ፓርቲው የሚመራበት መርሐ ግብር ተጽፎ ይታወቃልን? መሪው ከአባሉ የበለጠ እንዳይበላ የሚከለክል ደንብ አለን? ሠርቶ አደሩ ያመነበትን መሪ ማውጣት፣ ያላመነበትንም ማውረድ ይችላልን? የመጀመሪያዎቹ ሁለት ብቻ ተሟልተው ሦስተኛው ሲጎድል፣ የታንዛኒያ ታሪክ እንደሚመሰክረው፣ የቀሩትም ውለው አድረው ይጠፋሉ። ሦስተኛው ብቻ ኖሮ ሁለቱ ሲጎድሉ፣ ኬንያ እንደምታሳየው፣ ምርጫ የጌታ መለዋወጫ ከመሆን አያልፍም።

ስለሆነም የድምፅ መስጫ ወረቀት ኃይሉ በላዩ በታተመው የፓርቲ ስም አይለካም። ኃይሉ የሚለካው መራጩ በማግሥቱ ወደ እርሻውና ወደ ፋብሪካው ሲመለስ በኑሮው ላይ ባመጣለት ለውጥ ነው። ይህ እውን እስኪሆን ድረስ የሁለቱም አገሮች ሰፊ ሕዝብ ድምፁን ሰጥቷል እንጂ ገና አልመረጠም።