መጀመሪያ ቤቱ፣ ከዚያ ጫጩቱ

ሰሞኑን በውስጥ መስመር የሚመጣልኝ ጥያቄ ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው። «መምህር፣ የ45 ቀን ጫጩት አምጥቼ በአራት ቀን ውስጥ ግማሹ አለቀብኝ፤ ምን መድኃኒት ልስጣቸው?» ፎቶም አብሮ ይላካል። እኔ ፎቶው ላይ ከጫጩቶቹ በፊት የማየው ያደሩበትን ነው። ከአጥር ጋር የተደገፈ ቆርቆሮ፣ ከፊት የተንጠለጠለ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ከሥር እርጥብ መሬት። ለዚህ የሚሆን መድኃኒት የእንስሳት ፋርማሲ ውስጥ አይሸጥም፤ አናጢ ቤት ነው ያለው።

ስለዚህ ዛሬ በግልጽ ልናገር፣ የሚቀየመኝም ይቀየመኝ። ቤት ለሌለው ሰው ጫጩት ማደል ሬሳ ማደል ነው። ቤት እንዳለው ሳይጠይቁ መሸጥም ያው ነው።

«45 ቀን» የሚባለው ቁጥር እንደ ክታብ ሆኗል። ሻጩ «የ45 ቀን ነው፣ አድጓል፣ ሙቀት አይፈልግም» ይላል፣ ገዢው ያምናል። ቁጥሩ ራሱ ከሰማይ የወረደ አይደለም፣ ምክንያት አለው። ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ ሦስት ዲግሪ ያህል እየቀነስን እንሄዳለን። ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ለስላሳው ፀጉር በላባ ይተካና 20 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ወረቀት ላይ ትክክል ነው። ግን ማንም የማይጠይቀው ጥያቄ አለ፦ ይሄ ጫጩት ከሙቀት ከወጣ ስንት ቀኑ ነው? እስከ ትናንት ማታ አምፖል ሥር ተኝቶ፣ ዛሬ ጠዋት በካርቶን ታሽጎ፣ አይሱዙ ላይ ተጭኖ፣ ማታውን ደብረ ብርሃን ላይ በታኅሣሥ ውርጭ ያደረ ጫጩት 45 ቀን ቢሆነው ምን ይጠቅመዋል? ላባ አለው፣ ብርድ ግን አያውቅም። የማያውቀው ብርድ ሲመጣበት የሚያደርገው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ጥግ ይዞ ይደራረባል። ከሥር ያሉት ታፍነው ያድራሉ። ጠዋት ባለቤቱ ያይና «በሽታ ገባ» ይላል። ኧረ አልገባም! እዚያ ቤት ከገባ የገባው ብርድ ነው።

እዚህ ላይ የሚነሳብኝን ክርክር አውቀዋለሁ። «እናቶቻችን የዶሮ ቤት ሠርተው ነው እንዴ ያሳደጉት? እዚያው ቤት ውስጥ ቆጥ ላይ አይደል የሚያድሩት?» ይባላል። እውነት ነው፣ ቆጥ ላይ ነበር። ግን ልዩነቱን እዩት። የሀበሻዋ ጫጩት እናት አላት። የዶሮ ገላ ከሰው ይልቅ ትኩስ ነው፣ 41 ዲግሪ ገደማ ይደርሳል። ያቺ እናት ክንፏን ዘርግታ ስትታቀፋቸው መብራት የማይጠፋበት ማሞቂያ ናት፤ ጭልፊት ሲያንዣብብ የምትጮኸውም እሷ ናት። እንዲያም ሆኖ ከተፈለፈለው ግማሹን ማጣት በገጠር ብርቅ አልነበረም። እናቶቻችን እሱን ስለማይቆጥሩት እንጂ። በማሽን የተፈለፈለ ሳሶ ወይም ቦቫንስ ግን እናቱን አይቶ አያውቅም። እናቱን ነጥቀን «እንደ ሀበሻ ዶሮ ይቻለው» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ፣ ተማሪዎቼ የነበራችሁ። ብዙዎቻችሁ ወረዳና ቀበሌ ላይ የግብርና ባለሙያ ሆናችኋል፣ ኮርቻለሁ። የሌማት ትሩፋት በኅዳር 2015 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ ስለ እንቁላልና ስለ ዶሮ የሚወራው ወሬ ጨምሯል፣ ደግ ነው፤ ልጆች እንቁላል እንዲበሉ የማይፈልግ ማን አለ? ግን የምትለጥፉትን ፎቶ አያለሁ። ካርቶኖች ተደርድረው፣ ኃላፊዎች ቆመው፣ እናቶች እየተቀበሉ፣ ከሥር «ይህን ያህል ጫጩት ተሰራጨ»። በ60ኛው ቀን ስንቱ እንደቆመ የሚያሳይ ፎቶ ግን አንድም ቀን አላየሁም። የሚቆጠረው የወጣው ነው፣ የተረፈውን የሚቆጥር የለም። በእኛ ሰፈር አንዲት እናት ባለፈው ሐምሌ፣ በዚያ ዝናብ፣ አሥር ጫጩት ተሰጣቸው። ቤት እንዳላቸው የጠየቃቸው የለም። ሁለት ተረፈ። ለመኖ የተበደሩትን አሁንም እየከፈሉ ነው። ስጠይቃቸው «ዶሮ ለእኔ አይሆነኝም፣ ዕድሌ አይደለም» አሉኝ። ይሄ ነው የሚያናድደኝ። የቢሮ ጥፋት የሳቸው ዕድል ሆኖ ተመዘገበ! ነገ እውነተኛ ዕድል ቢመጣላቸውም እምቢ ይላሉ።

ኮታ እንዳለባችሁ አውቃለሁ፣ «በዚህ ወር ይህን ያህል» ተብሎ ከላይ ይወርድባችኋል። ቢሆንም ቅጹን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ። ከስምና ከስልክ ቀጥሎ «ቤቱ ታይቷል» የሚል አንድ ረድፍ ጨምሩ። ቤት የሌለው ሰው አይሰረዝ፣ ለሚቀጥለው ዙር ይቆይ፣ እስከዚያ ይሥራ። አሥር ጫጩት በሁለት ወር ቢዘገይ አገር አይፈርስም።

ከዚህ ሌላ ደግሞ ሌላ ጽንፍ አለ፣ እሱንም አልምረውም። ባለ ሦስት ፎቅ የብረት ኬጅ እየሸጡ «ያለዚህ ዶሮ እርባታ የለም» የሚሉት። ለአሥር ዶሮ ኬጅ ምን ያደርጋል? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሉ የለ፣ ሰው ለመኖና ለክትባት የያዘውን ገንዘብ ብረት ላይ ይጨርሳል።

ለአሥር ዶሮ የሚያስፈልገው ሁለት ካሬ ሜትር ነው። አንድ ሜትር በሁለት ሜትር። የባህር ዛፍ አጣና፣ ጭቃ በጭድ፣ ጥቂት ቆርቆሮ፣ ሽቦ፣ አንድ በር። ነፋስ የሚመጣበትን ወገን እስከ ላይ ምረጉት። ተቃራኒውን እስከ ጉልበት ድረስ ብቻ ምረጉና ከዚያ በላይ ሽቦ ይሁን። ደጋ ከሆናችሁ ያ ክፍት ወገን የጠዋት ፀሐይ እንዲያገኝ አድርጉ። ጣሪያው ከግድግዳው አልፎ ይውጣ፣ አለዚያ የሐምሌ ዝናብ በጎን ይገባል። ወለሉ ከግቢው መሬት ከፍ ይበል።

ሽቦ ላይ አትሰስቱ። ገበያ ላይ «የዶሮ ሽቦ» የሚባለው ሰፊ ቀዳዳ ያለው ዶሮ እንዳይወጣ ያደርግ ይሆናል፣ አይጥ እንዳይገባ ግን አያደርግም፤ ድመትም እጇን ሰዳ ጫጩት ትጎትትበታለች። ቀዳዳው ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙ የማይበልጥ ወንፊት ሽቦ ፈልጉ። ሸለምጥማጥ ደግሞ ከሥር ይቆፍራል፣ ስለዚህ ሽቦውን 30 ሴንቲ ሜትር መሬት ውስጥ ቅበሩት ወይም ዙሪያውን ድንጋይ ደርድሩበት። የበሩ መቀርቀሪያ ገመድ አይሁን።

ቆጡ ሁለት ሜትር ርዝመት ያለው፣ ልጡ የተላጠ፣ ጨብጣችሁ የምትይዙት ውፍረት ያለው አጣና ይሁን። ለአንድ ዶሮ 20 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ለአሥር ልክ ይመጣል። መጀመሪያ ዝቅ አድርጉት፣ ሲያድጉ ከፍ ይላል። ወለሉ ላይ ሰጋቱራ ወይም የስንዴ ገለባ አንድ ጭብጥ ያህል ውፍረት ይነጠፍ፣ የረጠበው በየቀኑ ይውጣ። እርጥብ ጉዝጓዝ ኮክሲዲዮሲስን ይጠራል፤ ኩሱ ደም ከቀላቀለ እሱን ጠርጥሩና ባለሙያ ጋ ሂዱ።

እና እባካችሁ፣ ብርድ ፈርታችሁ ቤቱን በላስቲክ ዙሪያውን አትጠቅልሉት። ጎንበስ ብላችሁ በዶሮዋ ቁመት ስትተነፍሱ ዓይናችሁን ካቃጠላችሁ እሷንም እያቃጠላት ነው። የከሰል ምድጃ ዘግቶ ማሳደርማ ወሬውንም አልወደውም፣ ጫጩቱንም ሰውንም ይገድላል። መብራት የሚቆራረጥበት ሰፈር ያላችሁ ለትንንሾቹ የጭድ ሳጥን ሥሩ። ዙሪያውን ጭድ የተጠቀጠቀበት፣ ክዳኑ አየር የሚያስገባ ሳጥን ነው፣ የራሳቸው ሙቀት ይይዛቸዋል። በአገራችን ተሞክሮ የሠራ ነው። ወጪው ምንም ማለት ይቻላል፣ ምናልባት ለዚህ ይሆናል ማንም የማያስተዋውቀው።

ቤት ሁሉንም ይፈታል አላልኩም። ፈንግል ግድግዳ አይፈራም፣ እሱን የሚያቆመው ክትባት ነው፣ ክትባቱም እዚሁ ቢሾፍቱ ይመረታል። ሻጩን «ምን ተከተበ፣ መቼ ይደገማል?» በሉት። ካልመለሰላችሁ ሌላ ሻጭ ፈልጉ። ከዚያ ቀጥላችሁ ያንን ጥያቄ ጠይቁ፣ ከሙቀት ከወጣ ስንት ቀኑ ነው? ከሳምንት በታች ካላችሁ ወይ እዚያው ይቆይላችሁ፣ ወይ ሳምንቱን ራሳችሁ ጨርሱት። ቀን ቀን ፀሐይ ሲሞቅ ሁለት ሦስት ሰዓት አውጡት፣ ሲመሽ ቤት አስገቡት፣ በየቀኑ ሰዓቱን ጨምሩለት። ዝናብ ያለበትን ቀን ዝለሉት። አዲሱ ቤት ሲገባም የመጀመሪያውን ሳምንት ቀንም ማታም እዚያው ዝጉበት፣ ቤቱን ይልመደው። ወዲያው ግቢ ውስጥ የተለቀቀ ጫጩት ሲመሽ አጥር ሥር ነው የሚያድረው።

ዛሬ ጫጩት ቤታችሁ ያለ፣ ይሄን ሁሉ እስክትሠሩ አትጠብቁ። የቤቱን አራት ጥጎች በካርቶን አጥፋችሁ ክብ አድርጓቸው፣ የሚደራረቡበት ጥግ አይኑር። ከዚያ ማታ 3 ሰዓት ላይ ባትሪ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ግቡ። ተበታትነው ዝም ብለው ከተኙ በሩን ዘግታችሁ ተኙ። ክንፋቸውን ከፍተው የሚያለከልኩ ከሆነ ሞቋቸዋል፣ አየር ስጧቸው። አንድ ላይ ተከማችተው ከጮኹ ግን ያኔውኑ ወደ ቤት አስገቧቸው፣ እስኪነጋ አትጠብቁ።